የአማቱ ሳይክላመን

«ገደላት እኮ! ዓይናችን እያየ ገደላት!»

ሙሽራው ይህን የሰማው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ግማሽ ፊቱ ሳሙና ግማሽ ፊቱ ፂም ሆኖ ነው። ድምፁ የሚስቱ ታላቅ እህት ነው። መምህርት ስለሆነች ስታንሾካሹክ እንኳ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል። ምላጩን ጉንጩ ላይ እንደያዘ ቀጥ አለ። ገደላት የተባለችው ሰው አይደለችም፤ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በሸክላ የተተከለች አበባ ናት። ሳይክላመን ትባላለች። አማቱ «እሷ» እያሉ ስለሚጠሯት ቤቱ ሁሉ እሷ ይላታል። ቅጠሎቿ የልብ ቅርጽ አላቸው፣ በላያቸው ላይ ብር በሚመስል ቀለም የተጫጫረ ነገር አለ። አበባዋ ደግሞ ነፋስ ፊት ለፊት የመታት ይመስል ሁሉንም ነገሯን ወደ ኋላ ገልብጣ የምትቆም፣ ኩሩ ነገር ናት። ነበረች ማለት ይሻላል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ቅጠሎቿ ቢጫ ሆነው፣ አገዳዎቿ ምሳ በልቶ እንደተጋደመ ሰው በሸክላው ከንፈር ላይ ተዘርግተዋል።

«ቀስ በይ፣ ይሰማል» አለች ሚስቱ፤ ድምጿ ከወጥ ቤት በኩል ነው።

«ይስማ! እማዬ አሥር ሰዓት ላይ ትገባለች። ምን ልንላት ነው? ሰው አንዲት አበባ መያዝ ካቃተው…»

መምህርቷ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ሙሽራው ግን ቆሞ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሳያልቅ ሲቀር ራሱ በአራት ዓይነት ጨረሰው፤ አራቱም አላስደሰቱትም። ከዚያ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሳቀ። «ምን ያስጨንቃችኋል? እሷን የምትመስል ሌላ ገዝቶ መተካት ነው። እማዬ እንደሆን ገና አሁን ነው ዓይኗን የተሠራችው፣ በምን ታውቃለች?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሽራው እዚህ ቤት የገባው ከአራት ዓመት በፊት፣ «ቤት እስክንሠራ» ተብሎ ነው። ሙያው ሴራሚክ ማንጠፍ ስለሆነ የሰው ቤት ሲያሳምር ይውላል፤ የራሱ ቤት ግን እስካሁን ከሐሳብ አላለፈም። በአራቱ ዓመታት ውስጥ የሰፈሩ ሕፃናት ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ የሳሎኑ መጋረጃ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ እሱ ግን አሁንም ሙሽራው ነው። ሲገባ ከወንበር ይነሱለታል። ጥሩው ብርጭቆ ለሱ ነው። ወንድምና እህት በሪሞት ሲጣሉ እሱ ብቅ ካለ ጠቡ ይቆማል፤ ሁሉም ደህና ዋልክ ይሉታል፤ ተመልሶ ሲወጣ ጠቡ ካቆመበት ይቀጥላል። አንድም ቀን የተቆጣው ሰው የለም። አማቱ ልጆቻቸውን፣ ባላቸውን፣ የጎረቤቱን ውሻ ሳይቀር ይቆጣሉ፤ እሱን ሲያዩ ግን ፊታቸው ፈገግ፣ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ሰው ይህን ክብር ነው ይለዋል። አራት ዓመት ሙሉ ሳሎን ውስጥ ጫማውን ለማውለቅ ያፈረ ሰው ግን ሌላ ስም ያወጣለት ነበር።

የዛሬ ወር አማቱ ዓይናቸውን ለመታከም ሌላ ከተማ፣ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ሲነሡ ታዲያ ሻንጣቸው በር ላይ ቆሞ፣ ሁሉም ባለበት፣ ጣታቸውን ወደ ሸክላዋ ቀሰሩ። «እሷን ሙሽራው ይይዝልኛል። በሳምንት አንዴ፣ አንድ ብርጭቆ። ሌላ ሰው እጁን እንዳያስገባ!» የወለዷቸውን ልጆች ትተው፣ አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባላቸውን ትተው፣ እሱን። ያን ቀን ወደ ሥራ ሲሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቦታ እያለ ቆሞ ሄደ፤ መቀመጥ አላስፈለገውም። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልክ እንደታዘዘው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለክቶ አጠጣ። ሦስት ቅዳሜ፣ ሦስት ብርጭቆ። ዛሬ አራተኛው ቅዳሜ ነው፤ እሷም ልትሞት ነው፣ አማቱም ሊመጡ ነው።

ቁርስ ላይ ማንም ስለ አበባ አላነሳም። «ደህና አደርክ ሙሽራው» አለች መምህርቷ። ታናሽ ወንድሟ ስኳሩን ወደሱ ገፋለት። የሚስቱ አባት፣ አባባ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ሎሚ የጨመቁበትን ሻያቸውን ፉት እያሉ ጣራውን ያያሉ። ሚስቱ ዓይኗን ከሳህኗ አላነሳችም። ትልቁ የዳቦ ቁራጭ እንደ ልማዱ እሱ ፊት ተቀመጠ። «ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያደረግካት?» ብሎ የሚጮህበት ሰው ቢያገኝ መልስ ነበረው፤ ለትልቅ ቁራጭ ዳቦ ግን ምን መልስ ይሰጣል? አኘከውና ወጣ።

ሥራው የሰው መታጠቢያ ቤት ነበር። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ አሥራ አራት ሴራሚክ አነጠፈ፤ ከአሥራ አራቱ ሦስቱን መልሶ አነሣ። ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ በጣት መገጣጠሚያ ይንኳኳል፤ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ታች ያለው ሲሚንቶ ይዞታል ማለት ነው፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ነገ ይሰነጠቃል። ዛሬ ሁሉም ባዶ ባዶ ይሉበት ጀመር። የታናሽ ወንድሟ ነገር ከጆሮው አልወጣ አለ፤ ሌላ ገዝቶ መተካት። ማታለል ነው፤ ግን ደግሞ ምን ያህል ቀላል ነው! ዕቃውን ሰበሰበና ከዋናው መንገድ ዳር ችግኝ ወደምትሸጠው ሴትዮ ሄደ።

ችግኝ ሻጯ ሰፊ ሴት ናት። የተቀመጠችባት በርጩማ ከሥሯ አትታይም፤ ጥላዋን በጥቁር ፕላስቲክ በተደረደሩ ችግኞች መሀል ተክላ፣ መንገደኛውን ሁሉ እንደ ቲያትር ታያለች። ሙሽራው ስልኩን አውጥቶ የአበባዋን ፎቶ አሳያት። «እንደዚህች ያለች፣ ቀለሟም መጠኗም ቁርጥ እሷን የምትመስል አለሽ?»

ሴትዮዋ ፎቶውን አየች፣ ከዚያ እሱን አየች። «መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ ወንድሜ፤ አንድ ጉንጭህን ሳትላጭ ነው የወጣኸው።»

እጁን ወደ ጉንጩ ሰደደ። እውነቷን ነው። ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ሰው አግኝቷል፤ ማንም አልነገረውም።

«ሁለተኛ» አለች፣ «መተካት የሚባለውን ነገር ተወው። ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

«ታዲያ ይህቺ እኮ ከታች ድንች የመሰለ ሥር አላት። የአሥራ አንድ ዓመቷ ድንች የቡና ስኒ ማስቀመጫ ታክላለች፤ የኔዎቹ ደግሞ ይኸው፣ የኮት ቁልፍ። ባለቤቷ ዓይነ ስውር ብትሆን እንኳ በጣቷ ታውቃለች። አሁን ንገረኝ፤ አፈሩ ደረቅ ነው እርጥብ?»

ሙሽራው አሰበ። ቅጠሉ ተዝለፍልፏል፣ ስለዚህ ደረቅ መሆን አለበት። ግን ጠዋት ሲነካው… «እርጥብ ነው። ጭቃ ነው እንዲያውም።»

«አየህ! ሲጠማትም ትወድቃለች፣ ስትሰምጥም ትወድቃለች፤ ከላይ ያየ ሰው አይለየውም። ሰው ሁሉ የወደቀ ባየ ቁጥር ውሃ ይዞ ይሮጣል። መሀሏ ላይ አመድ የመሰለ ፀጉር አብቅላለች?»

«አብቅላለች።»

«ሻጋታ ነው። ውሃውን አናቷ ላይ እያፈሰሳችሁባት ነው። እሷ አናቷ ላይ አትጠጣም፤ ሳህን ውስጥ ውሃ አድርገህ ከሥር ታስቀምጥላታለህ፣ ግማሽ ሰዓት ትጠጣለች፣ የተረፈውን ትደፋለህ። ድንቿም ግማሹ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት፤ ሙሉ ከቀበርካት ታፍናለች። የሞተ ቅጠል ስታነሣ በመቀስ አትቁረጥ፣ ጉቶው ይበሰብስና ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከሥሩ ይዘህ ጠምዘዝ፣ ቀጭ! የት ነው ያስቀመጣችኋት?»

«ቴሌቪዥን አጠገብ።»

«ኧረ ኡኡ!» አለች ሴትዮዋ፤ አንዲት መንገደኛ ዘወር ብላ አየቻት። «እሷ ብርድ ወዳጅ ናት፣ ደጅ ደጁን የምትል ናት፤ ትቀቅላታለህ እንዴ? ቀዝቃዛ መስኮት ስጣት፣ የቀትር ፀሐይ ግን አያግኛት።»

ሙሽራው ለሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንድ ነገር ግን አልገባውም። «እኔ እኮ በሳምንት አንዴ፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የማጠጣት። ከዚያ በላይ ጠብታ አልጨመርኩም።»

«በሳምንት አንድ ብርጭቆ ጭቃ አያደርግም» አለች፤ ቀና ብላ አየችው። «ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነገረችው። ቤት ስትገባ ድንቿን በአውራ ጣትህ ተጫን። ጥሬ ድንች ከመሰለ ትኖራለች፤ ያለፈበት ቲማቲም ከመሰለ አፈሯን አልብሳት። ግማሽ ግማሽ ከሆነ የበሰበሰውን አንሣ፣ አድርቅ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ። «ደግሞ ሙቀቱ እየመጣ ነው፤ በሙቀት ጊዜ ቅጠሏን ሁሉ ጥላ ትተኛለች። ሰው ሞተች ብሎ ይጥላታል። ሁለት ሦስት ወር ሳትጠጣ ተኝታ፣ ቅዝቃዜ ሲመጣ ራሷ ብቅ ትላለች።» ሙሽራው የምክሩን ሊከፍል ኪሱን ሲዳብስ እጇን አወናጨፈች። «ሂድ፣ መጀመሪያ ያንን ጉንጭህን ተላጭ።»

ቤት ሲደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ቀጥታ ወደ አበባዋ ሊሄድ ነበር፤ የሴትዮዋ ጥያቄ ግን እግሩን ያዘው። ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ? ሶፋው ላይ ተጋደመና ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጣል አደረገ። የተኛ ሙሽራ ማንም አይቀሰቅስም፤ እዚህ ቤት ያለው ትልቁ ሥልጣኑ እሱ ነው። በጋዜጣው ጠርዝና በትራሱ መሀል አንድ ዓይን የምታሳልፍ ክፍተት ተወ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ መምህርቷ በካልሲዋ እየተራመደች ገባች። በእጇ ማንቆርቆሪያ ይዛለች። ሶፋውን አየች፣ ጋዜጣው በትንፋሹ ከፍ ዝቅ ሲል አይታ ተረጋጋች። ከዚያ አበባዋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በመሀል አናቷ ላይ፣ ደህና አድርጋ አፈሰሰች። «አይዞሽ» አለቻት፣ ተማሪ ታባብል ይመስል። «እሱ እንደሆን ረስቶሻል።» ወጣች። ቀጥሎ ታናሽ ወንድሟ ኳስ ተጫውቶ በላብ እንደተነከረ መጣና የጠጣበትን የውሃ ላስቲክ ትራፊ ገለበጠባት፤ ሸክላዋንም አንድ ጣት ያህል ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋት፣ ብርድ እንዳይመታት። ሙሽራው ከጋዜጣው ሥር ሊስቅም ሊያለቅስም አማረው። አራት ሳምንት ሙሉ ከሱ ጀርባ እንዲህ ሲግቷት የኖሩት ሁሉ አሁን እሱ ላይ ሊፈርዱ ነው።

ሦስተኛዋ ስትመጣ ግን ሳቁ ቆመ። ሚስቱ ናት። የሻይ ብርጭቆ ይዛለች። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ጠረገቻቸው፣ የሆነ ዜማ በአፍንጫዋ ታሰማለች፣ ብርጭቆውንም ዘንበል ስታደርግ ሙሽራው ከሶፋው ተነሥቶ እጇን ያዘ። ልትጮህ ምንም አልቀራት።

«አንቺም?»

«ቀስ በል!» አለች በሹክሹክታ፣ በሩን እያየች። «ላንተ ብዬ ነው። ብትረሳስ ብዬ። እህቴ አፍ ውስጥ እንዳትገባ ብዬ።»

«በየስንት ቀኑ?»

ብርጭቆውን አየች። «ጠዋት ጠዋት።»

«በየቀኑ?»

«ቅዳሜ ያንተ ቀን ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የማደርገው» አለች፤ ይህ ትልቅ ጥንቃቄ መሆኑን በሚያሳይ ድምፅ። ቀጥላም አንገቷን ደፍታ፣ «ለነሱ እንዳትነግር። ለእማዬማ ጨርሶ» አለች። ሙሽራው እሺ አለ። እሺ ካለ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው።

ሸክላዋን ተሸክሞ ወደ ጓሮ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፤ ወንድምየው እናቱን ሊቀበል ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሄዷል። ሸክላዋን ደፍቶ ሥሯን መታ ሲያደርጋት አፈሩ እንደ ገንፎ ወጣ፣ ሽታውም አብሮ። ድንቿን በመዳፉ ይዞ አውራ ጣቱን ሰደደ። በአንድ በኩል ጣቱ ገባ፤ ልቡም አብሮት ገባ። አዞራት። በሌላው በኩል ግን ጠንከር አለችበት፤ እንደገና ተጫናት፣ እንደገና ጠነከረች። በሥራው ቢላዋ የበሰበሰውን ጠርጎ አነሣ፣ ቢጫውን ቅጠል ከሥሩ እየጠመዘዘ ነቀለ፣ ሥሯን አራገፈ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ አንዲት ትርፍ ሴራሚክ ላይ አስቀመጣት። መምህርቷ በጓሮ በር ብቅ ስትል ከኩሩዋ አበባ የቀረው ግማሹን የተበላ የሚመስል መላጣ ድንች ነበር።

«ጨረስካት!» አለች፤ እጇን በአፏ ጫነች። «ደግሞ ቢላዋ! ኧረ እማዬ ጉዷን ባየች!»

ሙሽራው ቢላዋውን አፈሩ ላይ ጠረገ። ማንቆርቆሪያሽስ ሊል ነበር። ግን ማንቆርቆሪያውን ካነሣ የውሃ ላስቲኩም ይነሣል፣ የሻይ ብርጭቆውም ይነሣል። ደጅ ላይ የታክሲ ጥሩምባ ተሰማ።

አማቱ ጥቁር መነጽር አድርገው ገቡ። ተሳሙ፣ ተቃቀፉ፣ ስለ መንገዱ ተጠየቁ፤ ግን አንዱንም በወጉ ሳይመልሱ፣ ሲሄዱ እሷን ትተዋት ወደነበረው መስኮት ሄዱ። መስኮቱ ባዶ ነው። ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። ባዶ ነው። «እሷስ?» አሉ። መምህርቷ የመጋረጃውን ጫፍ ታስተካክላለች፤ ወንድምየው ሻንጣ የት እንደሚቀመጥ ድንገት ጠፍቶታል፤ ሚስቱ ፊቷ ቀልቷል። አባባ ጣራውን ያያሉ። ሙሽራው ሴራሚኳን በሁለት እጁ እንደ ትሪ ይዞ ቀረበ።

«እማማ፣ ውሃ በዛባት።»

«አንተ አበዛህባት?»

«እኔ ሦስት ጊዜ…» አለና ቆመ። ሚስቱ ትንፋሿን እንደያዘች ሳያያት ያውቃል። አራት ዓመት ሙሉ ሲመኘው የኖረው የአማቱ እምነት ከእጁ ሊወጣ ነው፤ ሊያስቀረው የሚችልበት ቃል ደግሞ ምላሱ ላይ ነው። «እጄ ላይ ነበረች። የኔ ጥፋት ነው» አለ።

አማቱ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ቀላ ብሏል፤ ግን የዛሬ ወር የነበረው ጉም የለበትም። ድንቿን ከጋዜጣው አውጥተው በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፤ በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል። «ግማሿ አለች» አሉ። ወዲያው ጣታቸው አንድ ነገር ላይ ቆመ። ከድንቿ ስንጥቅ ውስጥ በጥፍራቸው የሆነች ነገር መዝዘው ወደ ብርሃን አነሡ። የሎሚ ፍሬ ናት።

ሁሉም ወደ አባባ ዞሩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከጣራው ላይ ቀስ አድርገው አወረዱ። «ለብ ያለ ሻይ ነው» አሉ፤ «ትራፊ። ብቸኝነት ተሰማት ብዬ።»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ ለመለየት ያስቸግራል። «አባባ! በየቀኑ?» አለች መምህርቷ። ወንድምየው ደግሞ «አንቺም እኮ ታጠጪያት ነበር፣ አይቼሻለሁ» አላት። «አንተስ?» «እኔ ላብ ስለያዘኝ ለኔ ካመጣሁት ነው የሰጠኋት!» ሚስቱም መሀል ገብታ «እኔ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው» ስትል ሁሉም ወደሷ ዞሩ። ሙሽራው ባለበት አዲስ ነገር ሆነ፤ ጠቡ አልቆመም። እንዲያውም መምህርቷ ጣቷን ወደሱ ቀሰረች። «ቆይ፣ አንተ ዛሬ ሶፋው ላይ ጋዜጣ ፊትህ ላይ ጥለህ ተኝተህ አልነበር እንዴ?»

«በአንድ ዓይን» አለ ሙሽራው።

«ዝም በሉ!» አሉ አማቱ፤ ቤቱ ተናጋ። «አምስት ሆናችሁ! አምስት ጤነኛ ሰው ሆናችሁ መዳፍ የማትሞላ ነገር አሰጠማችሁ! አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ እጅ አታስገቡ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማን ያስተምርሽ? አንተ ላብህን፣ እሳቸው ሻያቸውን!» ትንፋሽ ወስደው ወደ ሙሽራው ዞሩ። ሚስቱ እንደ ልማዷ መሀል ልትገባ አንድ እግሯን አነሣች። «አንተስ! እኔ እኮ ላንተ የሰጠሁህ ከተነገረህ በላይ አትሠራም ብዬ ነው! ሶፋ ላይ ተጋድመህ በጋዜጣ ሥር ሰው ሲያጥለቀልቃት ታያለህ? ተነሥተህ እጃችሁን አንሡ አትልም? አፍ የለህም? ቤትህ አይደለም እንዴ?»

አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ሙሽራውን የተቆጣ ሰው ስለሌለ፣ ማንም የት ማየት እንዳለበት አላወቀም። ሙሽራው ግን ግማሽ ጉንጩ በፂም፣ እጁ በጭቃ እንደሆነ፣ ፈገግታው እስከ ጆሮው ተዘረጋ፤ ሊሰበስበው ሞከረ፣ እምቢ አለው።

«ይስቃል ደግሞ!» አሉ አማቱ።